ዲስክ ሲሞት ያልተቋረጠው መንዙማ

ሼህ ሀሚዱ ከውጫሌ በሚኒባስ መጥተው ሐይቅ ከተማ እንደወረዱ ዝናብ ያዛቸውና አንድ በረንዳ ሥር ተጠለሉ። ከውስጥ መንዙማ ይሰማል። አንገታቸውን አስግገው ቢያዩ የጎረቤታቸው የጁማ ልጅ ኡሙሀኒ ከአንድ ጥቁር ሳጥን ፊት ተቀምጣለች። ኮምፒውተር ተምራ መመለሷን፣ የድሮ መንዙማ ከየሰዉ ካሴት እየቀዳች ማስቀመጧን ሰምተዋል።

«አባባ! ይግቡ እንጂ፤ አንቱ ደጅ ቆመው?» አለች ብድግ ብላ።

ገቡ። እጃቸው ግን ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። እዚያ የሟች መምህራቸው ድምፅ ያለበት ካሴት አለ። በጦርነቱ ጊዜ ሌሎቹን ካሴቶች ሁሉ በአንድ እንስራ ከተው ጓሮ ቀብረው ነበር። ጦሩ አልፎ ቢያወጧቸው እርጥበት በልቷቸዋል። የተረፈው ይኸው በኪስ የዞረው ብቻ ነው።

«ያንን ካሴት ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ» አለች የእጃቸውን አካሄድ አይታ።

«መምህሬ ከእጅህ አይውጣ ብለውኛል። አማና ነው፤ አደራ አለብኝ።» ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ ቀረ። ከመብራቶቹ አንዱ ቀይ፣ የቀሩት አረንጓዴ ናቸው። «ይኼ ምን ሆኖ ቀላ?»

«ድምፁን የሚይዙት ዲስኮች ናቸው። ባለ ቀዩ ዛሬ ጧት ሞተ።»

«ሞተ! የኔዎቹስ የሞቱት ተቀብረው ነው፤ ያንቺ ቤት ተቀምጦ ሞተ? በይ ደህና ዋይ።»

«አባባ፣ አሁን የሚሰሙት ምንድን ነው?»

ቆመው አዳመጡ። መንዙማው አልተቋረጠም።

«ይህ ድምፅ ሟቹም ላይ ነበረ» አለች። «አንቱ ውርስ ሲያካፍሉ የንብረቱን ድምርና የሁለቱን ወራሾች ድርሻ ካወቁ የሦስተኛው ይጠፋዎታል?»

«ምን ይጠፋኛል፤ ቀሪው የሱ ነዋ!»

«እነዚህም እንዲያው ናቸው። ድምፁን ተካፍለው ይይዛሉ፤ ድምሩንም በየተራ ይጽፋሉ። አንዱ ሲሞት የቀሩት ከድምሩ የራሳቸውን ቀንሰው የሟቹን ያወጣሉ። ዲስክ እንደሚሞትማ ገና ስንገዛው እናውቃለን።»

ይህን እያለች የሞተውን ስባ አወጣችና አዲስ አስገባች። አረንጓዴ መብራት ይብለጨለጭ ጀመር። «የሟቹን ድርሻ ለአዲሱ እየጻፉለት ነው» አለች።

ሼሁ ጢማቸውን ይዘው ተመለከቱ። በቅሬ፣ በመንደሩ መረዳጃ ዕድር፣ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ አንድ ቤት ሲጎድል ጎረቤት ይሸከማል። ነገር ግን በአንድ ቃል የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ይህን ሲጽፉ ሁለተኛው ቢሞትስ?»

«በዚህ ሳጥን ያለው ይጠፋል።»

«ቤቱ ቢቃጠል? ጦር ቢመጣ?»

«ያኔም ይጠፋል። ሳጥኑ አንድ እንስራ ነው፣ አባባ። ስለዚህ ሌላ ቅጂ ደሴ አስቀምጠናል። የሳጥኑ ሥራ አንድ ዲስክ በሞተ ቁጥር ድምፁ እንዳይቋረጥ ነው፤ የደሴው ደግሞ ሳጥኑ ራሱ ለጠፋ ቀን ነው።»

ሼሁ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። «አይጠፋም ብትይኝ ኖሮ እሄድ ነበር» አሉ በመጨረሻ። ካሴቱን አውጥተው በመዳፋቸው አበሱት። «መምህሬ ከእጅህ አይውጣ ያሉኝ ሌላ እጅ ስላልነበረ ነው። እንኪ።»

በዓመቱ የካሴቱ ክር ተበጠሰ። ሼህ ሀሚዱ አላዘኑም። የውጫሌ ልጆች ዜማውን ዛሬም ኡሙሀኒ በቀዳችው ቅጂ ከሟቹ መምህር ከራሳቸው አንደበት ይቀበላሉ፤ ከአምባሰል መንደሮችም ካሴት ደብቀው የኖሩ ሽማግሌዎች ወደ ኡሙሀኒ ይመጣሉ። ለሚያመነታ ሰው ሼሁ የሚሉት አጭር ነው፦ «እኔ አንድ እንስራ አምኜ የስንቱን ሷሊህ፣ የስንቱን ደግ ሰው ድምፅ አጣሁ። አንተ አታጥፋው።»