እድርተኛው ቤተ መጻሕፍታችን

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ኤልሳቤጥ፣ ባልደረቦቼ፣ ከጎረቤት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ በተለይም የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ጋሽ ሸዋንግዛው፤ እንደምን ዋላችሁ?

ጡረታ ለሚወጣ ሰው ይህን ያህል የደከማችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢውን አይቻለሁ፤ ልክ ነው። ኬኩንም አይቻለሁ። ስሜ ተጽፎበታል። «ይልማ» የሚለው ከየትኛው ፊደል በኩል ሊቆረጥ እንደታሰበ ግን ባልጠይቅ ይሻለኛል።

ንግግሬ አጭር ነው። ተናጋሪ ሁሉ እንዲህ ይላል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ምክንያት አለኝ። የተቀመጣችሁበት አግዳሚ ወንበር የእድሩ ነው። ደጅ የተተከለው ድንኳንም የእድሩ ነው። አሁን ጥሩምባ ቢነፋ እናንተ ትነሣላችሁ፣ እኔም ለግድግዳው እናገራለሁ። ከዚህ በፊት ደርሶብን የለ?

ነባሮቹ ይህን ታሪክ ሰልችታችሁታል። አዲሶቹ አልሰማችሁትም። ዛሬ የመጨረሻዬ ስለሆነ ሁላችሁም ቻሉኝ።

የመጀመሪያውን የንባብ ሳምንት ልንከፍት ነው። የፕሮግራም ኃላፊው እኔ ነኝ። ከዚሁ ከሰፈራችን ከአዲስ ከተማ እስከ መሃል ከተማ ማስታወቂያ ያልለጠፍንበት አጥር የለም። አዳራሹ ተጠርጓል፣ እንግዳው ተጋብዘዋል፣ ወንበር የለም። ጥበቃችን ሙሉቀን «ጋሽ ይልማ፣ የኛ እድር አግዳሚ ሞልቶታል፣ እኔ ልለምን» አለኝ። ለመነ፣ ሰጡት። እኔም ነገር የተሳካ መስሎኝ ክራቫት አሰርኩ።

እንግዳችን ትልቅ ሰው ናቸው። ገና «የንባብ ባህላችን» ብለው አፋቸውን ከመክፈታቸው አራት ጎልማሶች ኮፍያቸውን እያወለቁ ገቡ። አንደኛው የኋለኛው ረድፍ ላይ ወዳሉት ሴትዮ ጠጋ ብሎ «ይቅርታ እናቴ፣ አንዴ ይነሡልኝ» አላቸው። ተነሡለት። አግዳሚው ወጣ። ቀጥሎ ከፊቱ ያለው ወጣ። እንግዳችን ንግግራቸውን አላቋረጡም፣ ዐይናቸው ግን አግዳሚዎቹን እስከ በር ይሸኛል።

እኔ ደሜ ፈልቶ ወደ ደጅ ወጣሁ። ጋሽ ሸዋንግዛው በር ላይ ቆመዋል። ያኔ አልተዋወቅንም። «ምነው አባቴ፣ እስኪያልቅ እንኳ ቢታገሡን?» አልኳቸው።

«እኔስ እታገሥህ ነበር ልጄ» አሉኝ። «ሟቹ ነው እንቢ ያለው።»

«ማን ነው የሞተው?» አልኩ። «ዮሴፍ፣ ባለ ባጃጁ» አሉኝ። አጠገቤ የነበረው ሙሉቀን ራሱን ያዘ። «ጋሽ ይልማ፣ የኛ ዮሴፍ እኮ ነው። የጋዜጣው ዮሴፍ።»

ዮሴፍን የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። ጠዋት ባጃጁን ከበራችን አቁሞ ጋዜጣ ሳያነብ የመጀመሪያ ተሳፋሪውን አይጭንም ነበር። ጋዜጣው የዘገየ ዕለት «ዛሬም የትናንቱን ነው የምታበሉን?» ብሎ ይቆጣናል። የት እንደሚኖር፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው ግን አናውቅም ነበር። ቤቱ ከዚህ አጥር ማዶ ነው።

ገብቼ ማይኩን ከእንግዳችን ተቀበልኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬ አላስታውስም። የማስታውሰው ሰዉ የቀሩትን አግዳሚዎች ለሁለት ለሁለት እያነሣ መውጣቱን ነው። እንግዳችንም ኮታቸውን ለሾፌራቸው ሰጥተው የአንዱን ጫፍ ያዙ። የዚያ ዓመት የንባብ ሳምንት ለቅሶ ቤት ተከፈተ። የዮሴፍ ባለቤት ከየት እንደመጣን ጠይቃ ስንነግራት «የጋዜጣ ቤቶቹ እናንተ ናችሁ?» ብላ እንደ አዲስ አለቀሰች።

በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ጋሽ ሸዋንግዛው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። «ይህ ቤተ መጻሕፍት በየጊዜው ወንበር ከሚለምነን አባል ይሁንና በመብቱ ይውሰድ» አሉ። አንዱ ከኋላ ተነሥቶ «ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ይሞታል እንዴ?» አለ። ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ሸዋንግዛው አልሳቁም። «አይሞትም፤ ይቀብራል» አሉት።

እንዲህ ነው እድርተኛ የሆንነው። ስም ጥሪ ሲደርስ ሰብሳቢው በአባሎቹ ስም መሃል «ቤተ መጻሕፍት!» ብለው ይጣራሉ። እኔ «አቤት!» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። ኋላ ለመዱኝ። የሰፈሩ ልጆችማ አቶ ቤተ መጻሕፍት ነው የሚሉኝ፤ አባቴ ያወጣልኝን ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ባልደረቦቼ፣ መዋጮውን ከየኪሳችሁ አዋጣችሁ፤ ጉልበቱን እኔና ሙሉቀን ቻልነው። ድንኳን ተከልን፣ በዝናብ ቀብር ሄድን፣ ከሐዘንተኛ ጋር አመሸን። የኦርቶዶክሱም የጴንጤውም ቤት ገብተናል። ጸሎቱና መዝሙሩ እንደየቤቱ ይለያያል። አግዳሚው ያው ይኸው ነው።

ሰው ለምን ፕሮግራማችን ላይ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ ዓመት በማስታወቂያው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ከነልጆቿ የቅዳሜ የልጆች ተረት ፕሮግራማችን ላይ አገኘኋትና «ማስታወቂያውን የት አየሽው?» አልኳት። «የምን ማስታወቂያ?» አለችኝ። «ለባሌ ለቅሶ የመጣ ሰው ሲጠራኝ እንዴት ብዬ እቀራለሁ?» ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ መለጠፍ አልተውኩም፣ ግን ብዙም አልተማመንኩበትም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ማህሌት ያረፈች ጊዜ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቤቴ መሃል ከተማ ስለሆነ ድንኳኑን የተከለው የዚያው ሰፈር እድር ነው። በማግስቱ ከውስጥ ወጣ ስል ከድንኳኑ ዳር ሌላ ዓይነት አግዳሚ ተደርድሯል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጫፍ ጫፉ የተላጠ። ልጆቹ ለቅዳሜ ተረት የሚቀመጡባቸው የእድራችን አግዳሚዎች ናቸው። የተረት ልጆቹ ከነወላጆቻቸው ከአዲስ ከተማ አስጭነው አምጥተው ተቀምጠውባቸዋል። ጋሽ ሸዋንግዛውን «ይህ ምንድን ነው? የእርስዎ እድርተኛ እኮ ቤተ መጻሕፍቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኳቸው። «የቤተ መጻሕፍት ሚስት ሞታለች ብለን ጥሩምባ ነፋን» አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር። ያኔ አለቀስኩ።

ይህን የምነግራችሁ ላስለቅሳችሁ ብዬ አይደለም። ጭንቀት ይዤ ስለቆምኩ ነው።

መጪዎቹን ወራት እዩአቸው። ወጣቷ ባልደረባችን ሄራን የቅዳሜውን የልጆች ተረት በሲዳምኛም በአማርኛም ልታደርገው ነው፤ ልጆቹ ከአሁኑ አዳራሹን ሞልተውታል። ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች፣ ፈረቃቸው እሁድ ከሰዓት ለሚያሳርፋቸው፣ የንባብ ክበብ እንከፍታለን። ተፈታኞቹ እስከ ምሽት የሚያጠኑበት ቦታ አጥተው ደጅ ድንኳን ይተከልልን ብለዋል። ክረምት ሲገባ የመጽሐፍ መለዋወጫ ቀን አለ፤ ሰው ያነበበውን አምጥቶ ያላነበበውን የሚወስድበት። ከዚያ የንባብ ሳምንት። ፕሮግራሙ ሁሉ ሰው ይፈልጋል፣ ሰው ደግሞ መቀመጫ ይፈልጋል።

እኔ ማክሰኞ ወደ አርባ ምንጭ እሄዳለሁ። እዚያ ያለችው ልጄ ሊዲያ «አባዬ፣ እዚህም ሐይቅ አለ» ብላ አሳምናኛለች። የእድሩ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው። ለቤቱ የሚቆመው የቤቱ ሰው ነው። ሦስት ስብሰባ የቀረ አባል ይሰረዛል። የፊታችን እሁድ ስብሰባ አለ። ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ሲጠራ ማን ሊመልስ ነው?

ወይዘሮ ኤልሳቤጥን ጠይቄያቸው ነበር። «ጋሽ ይልማ፣ መሥሪያ ቤት እድር የሚገባው በየትኛው መመሪያ ነው?» አሉኝ። ፈለግሁ፤ የለም። እውነታቸውን ነው። ከበላያቸው የሚጠይቃቸው አለ፤ እኔ ደግሞ እንኳን በጡረታዬ ድሮም መመሪያ ያስቸግረኛል። ሄራንንም ጠየቅኳት። «ጋሼ፣ እኔ የተማርኩት የመጽሐፍ አያያዝ ነው እንጂ የድንኳን አያያዝ አይደለም» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ለቅሶ ቤት ስገባ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ማንንም አላስገድድም። ግን እስቲ እንሞክረው። ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ካላስቸገርኩዎ፣ እንደ እሁዱ አድርገው አንዴ ይጥሩልኝ።

ሰማችሁ? ጠሩ፤ ዝም። እሁድ እንዲህ ዝም ከተባለ ወደሚቀጥለው ስም ይታለፋል፤ ማንም አይለምንም።

እባክዎ ይድገሙልኝ።

ሙሉቀን፣ ቁጭ በል ወንድሜ። አንተ በራስህ ስም ትጠራለህ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አቤት አይልም። ይህን ዓመት ሙሉ ነግሬሃለሁ።

ከወዲያ ማን ነው? ከምሰሶው ጀርባ። እጅ አይበቃም፤ እድር ውስጥ በድምፅ ነው።

ሄራን? ተነሺና በይው እስቲ ልጄ።

ጋሽ ሸዋንግዛው፣ «አቤት!» ስትል ሰምተዋል? መዝገብዎ ላይ ምልክት ያድርጉባት።

ወይዘሮ ኤልሳቤጥ፣ እጅዎን አይቻለሁ። ምን አሉ? ለኋለኞቹ ልድገመው፤ «እሁድ የሥራ ቀን አይደለም፤ ሠራተኛዬ እሁድ የት እንደምትውል መመሪያ አያገባውም» ነው ያሉት። እዩት እንግዲህ። እኔ መዝገብ ቤቱን ሳገላብጥ ስከርም መልሱ ካላንደር ላይ ነበር።

ቆዩ፣ ውሃ ልጠጣ።

ሄራንዬ፣ ሌላውን ሙሉቀን ያሳይሻል። እኔ ሁለት ነገር ብቻ ልንገርሽ። ክረምት ከበጋ ጃንጥላ አይለይሽ። ድንኳን ስትገቢ ደግሞ ምን ልበል ብለሽ አትጨነቂ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብለሽ ተቀመጪ። ማንም ንግግር አይጠብቅብሽም። መቀመጥሽን ያዩታል።

ወረቀቴ ላይ ገና ሁለት ገጽ ይቀረኛል። ስለ ሥራ ዘመኔ ነው፤ ከንግዲህ አያስፈልግም። የፈራሁት አንድ ነገር ነበር፤ እሱ ከልቤ ወርዷል።

በሉ ልመርቃችሁ፤ የምትችሉ ተነሡ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጣችሁበት። ለልጅ ያነበባችሁለት፣ ልጅ በስተርጅና ያንብብላችሁ። ለተፈታኝ ያበራችሁለት መብራት ለቤታችሁም ይብራ። የማታ እንጀራ ይስጣችሁ። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ፣ አለቃ ሲጠይቅዎ መልስ አይጡ። ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ዕድሜ ይጨምርልዎ፤ ገና ብዙ ስም ይጥሩ። ለቅሶ ቤታችሁን አይርገጠው አልልም፤ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሻችሁም። የመጣ ዕለት ግን ብቻችሁን አያግኛችሁ።

ይህም ቤት ስሙ በተጠራ ቁጥር፣ አቤት የሚል ሰው አይጣ።