ፀጉር ቤቴ የገባችው ዛፍ

ነይ ግቢ እህት ዓለም፣ እዚህ ተቀመጪ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ፀጉርሽማ አድጓል፣ ዓይን አያግባብሽ... ይቅርታሽን፣ ዛሬ የምጠቀልልሽ እዚሁ ሳሎን ነው። ፀጉር ቤቴ እንግዳ ገብታብኛለች። ዛፍ።

አትሳቂ እንጂ! ደግሞ በሩን አትዝጊው፣ ነፋስ ይግባልን። በረንዳው ላይ ጋዜጣ ይዞ የተቀመጠ ሰው ቢኖርስ ምን ቸገረን? የማንንም ስም አላነሳን። የምናወራው ስለ... አንዳንድ ሰው ነው።

አንዳንድ ሰው ታድሎ! ቁመቱ ሎጋ፣ ሥራው የሒሳብ መምህርነት፣ ወንድሙ ቤት ሲኖር እንኳ ለወንድሙ ሚስት ምክር የማይነፍግ። እኔማ ያቺ ጓሮ ያለችው ዛፍ ስትቆረጥ በገመድ ትታሰር፣ ቅርንጫፏ አስቀድሞ ይውረድ ብዬ ነበር። የፀጉር ሠሪ ወሬ! ለካስ ሳይንስ አለ። ራቅ ብሎ ቆመ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በፕሮትራክተር፣ በዚያ በማዕዘን መለኪያው፣ ጫፏን አየ፣ ከቆመበት እስከ ግንዷ ያለውን በሜትር ለካ፣ ታንጀንት በሚሉት ነገር አባዛው... ወጣ ቁመቷ! "ፀጉር ቤቱ ጋ አትደርስም፣ ወንበር እንኳ እንዳታነሱ" ተባልን። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ አይደል የሚባለው? አሥር ጊዜ አባዛ፣ አሥሩም ጊዜ ያው መጣ። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ከየት ይምጣ?

ተቆረጠች። አናቷ በጣሪያው ገብቶ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ላይ ቁጭ! ደንበኛ መሰለችኝ እኮ። ውይ፣ ሳቄ ሊገለኝ ነው... ቀና በይ፣ የጠቀለልኩበት ቢጎዲን ይወድቃል። እናቴ ነፍሷን ይማርና "የተማረ ይግደለኝ" ትል ነበር። ሻምፑ ልገዛ ባልወጣ ኖሮ ምኞቷ በእኔ ሊሞላላት ነበር።

ታዲያ ምን ተባለ መሰለሽ? "ከለካኋት በኋላ አድጋ ነው!" ቅዳሜ ተለክታ እሑድ! መሬታችን እንዴት ያለ ለም ነው በይ... ጎመን ብንተክልበት በመሰላል ነበር የምንቀጥፈው።

እውነቱን ግን ባሌ ነገረኝ። ለሚስትህ ትንፍሽ እንዳትል ተብሎ ምሎ ነበር፣ ግን ባል ምን ሆዱ ይችላል? እኔም ለአንቺ ብቻ፣ ቀስ ብዬ እየጮህኩ ነው የምነግርሽ። ያ ታንጀንት የሚሰጠው ከዓይን በላይ ያለውን ብቻ ነው አሉ። ከመሬት እስከ ለኪው ዓይን ያለው መጨረሻ ላይ ይደመራል። እሱ ሳይደመር ቀረ! ጣሪያዬን የሰበረው ጫፍ ልኩ ከአንዳንድ ሰው እግር እስከ ዓይኑ ነው።

እንዴት ያለ ትሕትና ነው! ሰው ከራስ በላይ ነፋስ ይላል፣ እሱ ነፋሱን ለክቶ ራሱን ተወው። ደግሞ አይፈረድበትም... ከዓይኑ በታች ያለ ነገር መቼ ታይቶት ያውቃል? የበላበት ሳህን፣ መሬት የጣለው ካልሲ፣ የወንድሙ ሚስት... ሁላችንም ከዚያ በታች ነን።

ጣሪያው ይሠራል፣ ቆርቆሮ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ማዕድ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ "ጨው አቀብዪኝ" ይወጣዋል፣ "አጠፋሁ" ግን አይወጣውም። አንድ ቃል እኮ ናት! ነገ ደግሞ ሁለተኛዋ ዛፍ ትለካለች አሉ፣ ያቺ ወደ መኝታ ቤቴ ያዘነበለችው። ምን ትመክሪኛለሽ? አልጋዬን ላውጣ... ወይስ በሳይንስ ልመን?

ኧረ፣ ጋዜጣው ተዘቅዝቆ ነው እንዴ የተያዘው? አይ፣ የእኔ ዓይን ነው...

ይሁን፣ እኛ ለሰው ክፉ አንመኝም። አሜን በይ እንጂ። ከልቡ እስከ አፉ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ያቺ "አጠፋሁ" የምትባል ቃል ደግሞ በእግሯ ነው የምትመጣው። እስክትደርስለት እግዜር ዕድሜ ይስጠው። የማቱሳላን ዕድሜ ይስጠው! እሱም አልበቃ ካለው... ከእኔ ላይ ቀንሶ ይጨምርለት።