የወይዘሮ ውባንቺ ወለል

አቶ ገሰሰ ያን ቀን ሲኤምሲ መንገድ ዳር ወዳለው የካሊድ የግንባታ ዕቃ ሱቅ የሄዱት ምክር ፍለጋ አልነበረም። ልባቸው ከወሰነ ከርሟል። ሰሚት የሚያሠሩት ቤት ጣሪያው ተከድኖ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ የቀረው ወለሉ ብቻ ነው፤ ለወለሉም ፊት የሚያሳይ፣ የሚያብለጨልጭ ነጭ ሴራሚክ መርጠዋል። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዱ ያደሩባቸው ቤቶች ሁሉ ባዶ ሲሚንቶ ነበሩና፣ እንግዳ ሳሎናቸው ገብቶ አንገቱን ሲደፋ መልኩን እንዲያይ ይመኙ ነበር። ምኞት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ምኞት ብቻውን ቤት ሲሠራ ነው።

ከሱቁ ደጃፍ ሐሴትን አገኟት። የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ በሕንፃ ሥራ ተመርቃ አትላስ አካባቢ ካለ ቢሮ ተቀጥራለች። ተሳስመው የቤተሰብ ደኅንነት ከተጠያየቁ በኋላ «እትዬ ውባንቺስ እንዴት ናቸው?» አለቻቸው።

የአቶ ገሰሰ ፊት ጠቆረ፤ የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ወይዘሮ ውባንቺ ባለፈው ክረምት በኪራይ ቤታቸው እርጥብ ወለል ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። ከዘራ ይዘው፣ ግድግዳ እየደገፉ ነው የሚሄዱት። ዐሥራ ሁለት ዓመት በቤታቸው ያስተናገዱት የቅዳሜ ጸሎት ኅብረትም ወደ ሌላ ቤት ዞሯል። ሐኪሙ ደግሞ ሁለተኛ ከወደቁ መነሣታቸውን እንጃ ብሏል። አቶ ገሰሰ ግንባታውን የሚያጣድፉት ኅብረቱን ወደ ቤታቸው መልሰው ሚስታቸውን ለማስደሰት ነበር።

አብረው ሱቁ ገብተው ሐሴት የተመረጠውን ሴራሚክ አገላብጣ አየች። ከዚያም በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኅብረቱ ሲመጣ ሰው ጫማውን የት ነው የሚያወልቀው?» አለች።

«በር ላይ ነዋ። እንደ ድሯችን።»

«ወለሉስ መቼ ይታጠባል?»

«ቅዳሜ ጠዋት፣ በባልዲ ውኃና በሳሙና። እንግዳ ሊመጣ እንዲሁ በጨርቅ ዳበስ ተደርጎ ይታለፋል እንዴ?»

«እንግዲያው እትዬ ውባንቺ ሳሙናው ባልለቀቀው መስታወት ላይ በካልሲ እንዲራመዱ ነው የፈረዱባቸው።»

አቶ ገሰሰ ነገሩ ልባቸውን ወጋ አደረገው፤ ነገር ግን ሽማግሌ በአደባባይ ቶሎ አይረታም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ሳቁና ምንጣፍ እንደሚያነጥፉበት ነገሯት። እሷም በሚያንሸራትት ነገር ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ሰው ይዞ እንደሚሄድ አስረዳቻቸው። እንጨትስ ቢሉ፣ እንጨት ለእግር ይሞቃል፣ ግን የቅዳሜው ባልዲ በዓመቱ ያሳብጠዋል አለች። እብነ በረድስ ቢሉ፣ ያምራል፣ ነገር ግን ተወልውሎ ሲረጥብ እሱም ይጥላል፤ ሎሚም ጠብ ካለበት ይበላዋል አለች። በመጨረሻ ፊቱ ያልተወለወለ፣ ሲዳስሱት ሻከር የሚል፣ ፖርሰሊን የሚባል ጠንካራ የወለል ንጣፍ አንሥታ አሳየቻቸው።

«ይኼማ የጋራዥ ነው» አሉ አቶ ገሰሰ። «እንግዳ ምን ይለኛል?»

«እንግዳ በሳምንት አንድ ቀን ያየዋል ጋሼ። እትዬ ውባንቺ ግን በየቀኑ ይረግጡታል።»

ሐሴት አሁንም ለስለስ ብላ፣ «በዝናብ ቀን፣ ጥርሱ ባለቀ ጎማ ቁልቁለት ወርደው ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አብጃለሁ እንዴ?»

ይህን ብለው ሲያበቁ ራሳቸውን ሰሙ። ባለሱቁ ካሊድ ነገሩ ገብቶት ሁለቱን ንጣፎች ጎን ለጎን መሬት ላይ አኖረና የሳሙና ውኃ አፈሰሰባቸው። አቶ ገሰሰ ጫማቸውን አወለቁ። ነጩን ገና በአንድ እግራቸው ሲረግጡት እግራቸው ሾልኮ ሄደ፤ ካሊድ ብብታቸውን ባይዛቸው ኖሮ ለባልና ሚስት ሁለት ከዘራ ይገዛ ነበር። ሻካራውን ግን ረግጠው ቆሙ፤ እግራቸውን ወዘወዙበት፣ ዘለል ዘለል አሉበት፤ ንቅንቅ የለም። ሰው ከመጽሐፍ ይማራል፤ አቶ ገሰሰ ከካልሲያቸው ተማሩ።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ ይሏል ይኼ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። በቀለሙ ግን አልተረቱም። ሐሴት ግራጫ ስትል እሳቸው የማር ቀለም ብለው ድርቅ አሉ፤ እውነቱን ለመናገር ቀለሙ ከእሷ ምርጫ ይሻል ነበር።

ቤቱ አልቆ በተገባበት ክረምት፣ በመጀመሪያው የኅብረት ቅዳሜ፣ ዝናቡ አልበረደም። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል፤ የሁሉም ካልሲ ርሷል። በር ሲንኳኳ አቶ ገሰሰ እንደ ልማዳቸው ሊከፍቱ ብድግ አሉ።

«ተቀመጥ፣ እኔ እከፍታለሁ» አሉ ወይዘሮ ውባንቺ።

ከዘራቸውን ሶፋው ላይ አስደግፈው ተነሡ። አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ቆም አሉ፤ ከዚያ ግድግዳውን ሳይነኩ ሳሎኑን መሐል ለመሐል አቋርጠው በሩን ከፈቱ። የመጣችው ሐሴት ነበረች፤ ጃንጥላዋ ይንጠባጠባል።

«ጫማሽን አውልቂና ግቢ ልጄ። አይጥልም» አሏት።

የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ አቶ ገሰሰ ቆሙ። ስለ ወለል የሚመሰክር ሰው ታይቶ አያውቅም ነበርና ሰዉ ፈገግ አለ። እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው ዓይኑን ከማማከሩ በፊት የቤቱን ደካማ እግር እንዲጠይቅ፣ በውኃ የሚታጠበውን ክፍል በውኃ እንዲፈትን፣ የተማረ ልጅ ሲናገርም ዕድሜውን ሳይሆን ነገሩን እንዲመዝን መከሩ። ይኸው ሚስታቸው ሳይፈሩ ይራመዳሉ፤ ሕፃናት ይሮጣሉ፤ ጸሎቱም ወደ ቤቱ ተመልሷል።

«ይህችን ልጅ፣ ያቦካሽው ለራት አይበቃም ብያት ነበር» አሉ ወደ ሐሴት እያመለከቱ። «ይኸው ለስንቱ ተረፈ።»

መዝሙሩ ተነሣ። ወይዘሮ ውባንቺ ከበሩ አጠገብ ቆመው በሁለት እጃቸው ያጨበጭቡ ነበር፤ ከዘራው እሶፋው ላይ እንደተደገፈ ቀረ።