የማረጥ ሙቀትና የሥሩ ዱቄት

መጋረጃ ሰፊዋ የፎቁን ደረጃ አጋምሳ ስትወጣ ከደረቷ የተነሣ ሙቀት ድንገት አንገቷንና ፊቷን አጥለቀለቃት። ሻሿን ፈታ ቁጭ አለችና በጫፉ ታራግብ ጀመር። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው የጎረቤቷ ልጅ ወደ ቤቷ ስትመለስ እዚያው ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ምነው? አሞዎት ነው?»

«ምንም አይደለም ልጄ። ደረጃው ነው።»

«ደረጃው እኔንም ያደክመኛል፤ ግን እንዲህ ላብ በላብ አያደርገኝም» አለችና አጠገቧ ተቀመጠች።

ሰፊዋ ነገሩን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ሙቀቱ ከስፌት መኪናው ፊት ያስነሣታል፤ እንቅልፍ ነሥቷታል፤ በሆነ ባልሆነው ትቆጣለች። አልጋውን ለባሏ ትታ ሳሎን መተኛት ከጀመረችም ሰንብታለች። ባሏ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ አኮረፈ፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ግን «ካስጠላሁሽ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ» ብሎ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ። እሷም ምክንያቱን ከመንገር ይልቅ ከሥራ እንደወጣች ሥርና ቅጠል ሻጭ ዘንድ ሄዳ በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ገዛች።

ልጅቱ ጥቅሉን አይታ «ይሄስ ምንድን ነው?» አለች።

«ሥር ነው። ሙቀት ይቆርጣል አሉኝ። ከመሬት የበቀለ ነገር ማንን ይጎዳል?»

«መርዙም እኮ የሚበቅለው ከዚያው ከመሬት ነው። የምን ሥር ነው?»

«ስሙን አልነገረኝም።»

«የደም ግፊት ኪኒን ይወስዱ የለ? ከእሱ ጋር ባይስማማስ?»

«እናንተ የተማራችሁት ከፋብሪካ ያልወጣ ነገር አይጥማችሁም!»

«እንዲያውም እኔ ያለ ኪኒን የሚቻለውን ልነግርዎት ነበር» አለች ልጅቱ ሳትቆጣ። «ይሄ ማረጥ ነው፤ በሽታ አይደለም። መኝታ ክፍልዎን ያቀዝቅዙ፤ ናይለኑን ትተው ስስ ጥጥ ይልበሱ፤ ሙቀቱ ሲነሣ በዝግታ ይተንፍሱ። ቡናና የሚያቃጥል ምግብ የሚያባብስብዎት ከሆነ ይቀንሱ። በእግርዎ ይሂዱ፤ ለእንቅልፍም ለአጥንትም ይበጃል። ተልባና አኩሪ አተር እንደ ምግብ ቢበሉ ክፋት የለውም፤ የረዳቸው አሉ፣ ምንም ለውጥ ያላዩም አሉ።»

«መራራ ያልሆነ ነገር ደግሞ መድኃኒት ይሆናል?»

«ካልበቃዎት ሐኪም ያማክሩ፤ የሚረዳ መድኃኒት አለ። የወር አበባዎ ከቆመ ዓመት ካለፈ በኋላ ደም ካዩ ግን ቀን ሳያሳድሩ ይታዩ። ለመሆኑ ባልዎ ያውቃሉ?»

«ይሄ ለወንድ ይነገራል እንዴ? ነውር ነው!»

«ዝም ማለትዎ ምን ጠቀመዎት?»

ሰፊዋ የዝምታዋን ትርፍ ብትፈልግ የምታገኘው ያንን ሻንጣ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው የሰውነቱን ነገር ለቤተሰቡ መንገር ያፍራል፤ ቤተሰቡም የማያውቀውን ነገር በመሰለው ይተረጉመዋል። ሰፊዋ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቆየችና ጥቅሉን ለልጅቱ ሰጥታ ተነሣች።

ቤት ስትገባ ባሏ ሸሚዝ ያጣጥፋል።

«አልጠላሁህም» አለችው በሩ ላይ እንደቆመች። «ሙቀቱ ነው። አርጫለሁ።»

ሾፌሩ ሸሚዙን እንደያዘ ቀረ። «ታዲያ ይሄን ለመናገር ሻንጣ እስካወርድ ትጠብቂያለሽ? ሞተር ሲግል ቆመን እናቀዘቅዛለን እንጂ መኪናውን ጥለን እንሄዳለን?»

አልጋውን አብረው ገፍተው መስኮቱ ሥር አስጠጉት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አብረው በእግራቸው ይወጣሉ። ሐኪሟም ግፊቷን ይከታተላል። ሙቀቱ ጨርሶ አልተዋትም፤ ነገር ግን ትተኛለች፤ ቁጣዋ በርዷል፤ ሥራዋም አይስተጓጎልም። መፍትሔውን ያገኘችው ግማሹን ልማዷን በመቀየር፣ ግማሹንም በአንደበቷ ነው።

አንድ እሑድ ለታላቅ እህቷ ስልክ ደወለች።

«እታለም፣ አንቺስ ያረጥሽ ጊዜ እንዴት ሆነሽ ነበር?»

«እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለች እህቷ፤ ከዚያም ትነግራት ጀመር።