የሙሽራዋ ጥቁር ጫማ

ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ጥቁር የቆዳ ጫማ ታቅፋለች። አጠገቧ ያሉት እናት ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

“ልጄ፣ ጫማ ይታቀፋል እንዴ?”

“የሠርጌ ነው፣ እማማ። ቡናማ ነበር። በእጄ አደይ አበባ ሥዬበት ነበር።”

“ታዲያ ማን አጠቆረው?”

“አባቴ። ቅዳሜ ማታ የቤቱን ሰው ጫማ በሙሉ ይወለውላል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስናወልቀው ሰው ያየዋል ይላል።”

“ይሄኛው እንደማይወለወል አልነገርሻቸውም?”

“ነግሬዋለሁ። ውሃ አይንካው፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጠረግ አልኩት። እሺ አለኝ።”

“እና?”

“ጠዋት ስነሳ ‘ጭቃው በደረቅ ጨርቅ አልለቅ ቢለኝ ቀለም ደረብኩበት’ አለኝ።”

“አበባው ነው ጭቃ የመሰላቸው?”

“አዎ።”

“በጥቁር ቀለም?”

“ለእሱ ቡናማ ነው።”

“አስለቅቀሽ እንደገና አትሥዪውም?”

“አንዱን እግር አስለቅቄ ሣልኩት። ማታ አየውና ‘ይቺን ዘልያት ኖሯል’ ብሎ ቀባት።”

“እንግዲያው ዓይንዎ ደክሟል በያቸዋ!”

“በልጁ ሠርግ ሰሞን?”



“ታዲያ አሁን ወዴት ነሽ?”

“ፒያሳ። ለሚዜዎቼም እንደዚህ ዓይነት ጥቁር ጫማ ልገዛ።”

እኔ አቧራ የጠጣ ጫማዬን ቀስ ብዬ ወንበሩ ስር ሸሸግሁት።