ትኩሳት ያለበት ዲስክ

— ሄሎ… አዎ፣ ቆንጅት ነኝ። ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር መልስልኝ፤ ኮምፒውተር ትኩሳት ይይዘዋል?

— ጥያቄ ነው። ይይዘዋል ወይስ አይይዘውም?

— ኤፍሬም፣ ቲቸር ቲቸር አትበለኝ። ፊዚክስ ያስተማርኩህ እኔ መሆኔን ቆቦ ባይሰማው ደስ ይለኛል። የሚዞር ነገር ይሞቃል፣ የቆመ ነገር ይቀዘቅዛል። ዘጠነኛ ክፍል ነው የነገርኩህ… አይ፣ አልተናደድኩም። ስናደድ ታውቀዋለህ።

— እሺ፣ ላስታውስህ። የኔ ኮምፒውተር ሁለት ዲስክ ነበረው። መንታ ናቸው፤ በአንዱ የተጻፈው ወዲያው በሌላውም ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲናገር። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ ሞተና ማሽኑ አልነሳ አለ፤ አንተ ዘንድ ላክሁት። አንተ ምን አደረግህ? ከፍተህ እንደ ሕፃን ግንባር ዳበስካቸው። ይሄኛው ያተኩሳል፣ የታመመው ይሄ ነው ብለህ ነቀልከው። ቀዝቃዛውን ጤነኛ ብለህ ተውከው። ሬሳ ነበር እኮ የተውከው።

— ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሬሳውን መረመርክና ምንም የለበትም አልክ። መንታ ስለሆኑ ያኛውም ባዶ ነው አልክ። አንዱ ወንድም ሞቶ ሲገኝ ሌላውን ከነነፍሱ የምትቀብር ሰው ነህ።

— ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… ሮቢት ከሆንክ ወደ መንገዱ ውጣ፣ ኔትወርክ አለ።

— ስህተትማ ማንም ይሳሳታል። እዚያ ላይ ብትቆም ኖሮ ስቄ እተወው ነበር። ጎብዬ ሻይ ቤት ተቀምጠህ ግን ምን አልክ? «የሽምግልናው ቪዲዮ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ከፍቼ ያየሁት እኔ ነኝ» አልክ። አልክ ወይስ አላልክም?

— ለጨዋታ… ለጨዋታ ነው ያልኩት ይላል፣ ሳሊሀ፤ ሰማሽው?… አዎ፣ ሳሊሀ አጠገቤ ናት። የረዲ ሚስት። ሰላም ትለኛለች ብለህ አትጠብቅ።

— እንግዲህ ጨዋታህ የት እንደደረሰ ስማ። ረዲ የዛሬ አሥር ዓመት እርሻ በሚያጠጡበት የጎርፍ ውሃ ተራ ተጣልቶ የአባይን ወንድም ገደለ። እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ደም የሚያደርቁት አበጋር አባ ኢብሮ ከአባይ ጋር አስታረቁት። አባይ ደሜን ትቻለሁ ብሎ ማለ። አባ ኢብሮ ራሳቸው ናቸው «ቅረጪው፣ እኔ አልዘልቅም» ያሉኝ። አልዘለቁም፤ አምና ሞቱ። አንተ ቪዲዮ የለም ካልክ ወዲህ አባይ «አልማልኩም» ብሏል። ረዲ በቀል ፈርቶ ሁለት ሳምንት ከደጁ አልወጣም። ማሽላውን ወፍ እየጨረሰው ነው፤ ይቺ ብቻዋን ማማው ላይ ወንጭፍ ይዛ ትውላለች።

— አላወቅሁም ነበር ነው የምትለው? ምን እንዳለበት ሳታውቅ ነዋ የለም ያልከው።

— አዎ፣ ተገኝቷል። ይሄን ሰምተህ አይደል የደወልከው? ነቅለህ በፌስታል የላክህልኝ ዲስክ ነው፤ «በር ያስደግፉበት» ያልከው። አስደገፍኩበት። አመንኩህ፣ የኔ ጥፋት ያ ነው። እሁድ ዕለት አንስቼ ገመዱን ሰካሁለትና ጆሮዬን አስጠጋሁ… ይዞራል። ሁሉም አለ። ምንም ሳልነካካ መጀመሪያ ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። አንዱ ፍላሽ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ ዋጃ ነው። ዋጃ ማን ቤት እንደሆነ አልነግርህም።

— አላምንም አልክ? ሳሊሀ፣ እስኪ ክፈቺው… ድምፁን ጨምሪው… ስማ።

…

— የማን ድምፅ ነው?… አዎ፣ አባ ኢብሮ ናቸው። ከሳቸው ቀጥሎ የሚምለውስ?… አልሰማሁህም… አባይ። ጎሽ። ይህቺን እንኳ ለየህ።

— በቃ ዝጊው፣ ሳሊሀ… ግድ የለም፣ አልቅሺ።

— ምን አልክ? ድገምልኝ… አንተ አዳንከው ልበል? ኤፍሬም ሌሊትና ቀን ደክሞ አወጣው ልበል? ለሱቅህ ስም…

— አየህ፣ እስካሁን የናቅሁት አለማወቅህን ነበር። አሁን አንተኑ ናቅሁህ።

— ይቅርታህን ለኔ አትስጠኝ፤ የት አስቀምጠዋለሁ? ቅዳሜ ሁለቱ ቤተሰብ ሾላው ሥር ይቀመጣሉ። ቪዲዮውን እኔ አሳያለሁ። ግን አባይ ምን እንደሚል አሁኑኑ ልንገርህ፤ «ባለሙያው ራሱ ከፍቶ የለም ብሏል፣ ይሄን ከየት ቀጣጥላችሁ አመጣችሁት?» ይላል። ያንን አፍ የከፈትከው አንተ ነህ፣ የምትዘጋውም አንተ ነህ።

— ሥራ አለብኝ ማለት ምንድን ነው? ረዲም ሥራ ነበረው፤ ማሽላው ቆሞ ይጠብቀዋል።

— አይ፣ አንተን ወክዬ አልናገርልህም። ሽማግሌ አትላክብኝ፤ መልእክትም አትጻፍልኝ። ከምሳ በፊት ትመጣለህ። ትነሳለህ። የለም ያልከው አይተህ ነው ወይስ ሳታይ? ለኔ በስልክ አትንገረኝ። ረዲ እየሰማ፣ አባይ እየሰማ፣ ሻይ ቤት ያዳመጠህ ሁሉ እየሰማ፣ እዚያ በአደባባይ መልስ።