በፒክአፕ መኪናዬ ላይ ስለተገጠመው ሞተር የሰጠሁት ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አልታየች ወርቅአገኘሁ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የግል ጭነት መኪና ባለቤትና ሹፌር
አድራሻ፦ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፦ ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ቃለ አብ ዘርአ ዳዊት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ፣ መጥሪያ ሳይደርሰኝ በራሴ እግር ወደ ምርመራ ክፍሉ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። መርማሪው ስለ ሞተሩ ብቻ እንድናገር ጠይቆኛል። ነገሩ ሁሉ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከመጀመሪያው እንድጀምር ይፈቀድልኝ ብያለሁ።

በሹፌርነት ሥራ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በሐራጅ የገዛኋት ነጭ፣ ባለ አንድ ጋቢና፣ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ አለችኝ። ከአሊዩ አምባ ገበያ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ጭኜ ዳገቱን ወደ ጎረቤላና ወደ ደብረ ብርሃን አወጣለሁ፤ ስመለስ ገብስና የሱቅ ዕቃ አወርዳለሁ። ሦስት ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ነው።

ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ሽንኩርት ጭኜ ከአሊዩ አምባ ስወጣ ዳገቱ መሀል ላይ የራዲያተሩ ጎማ ፈነዳ። ውኃው አልቆ ሞተሩ ጋለ። ወዲያው ባጠፋውም አልተረፈም። በማግሥቱ በሌላ መኪና አስጎትቼ ደብረ ብርሃን ጠባሴ በሚባለው ሠፈር ወደሚገኘው የአቶ ይርጋለም ቤዛ ጋራዥ አስገባኋት። ሞተሩ ሲፈታ ዋናው አካሉ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ተገኘ። ይታደሳል ወይ ብዬ ስጠይቅ አቶ ይርጋለም "ይህ ከእንግዲህ ለቁራሌው ነው" አለኝ። ስንጥቁን በዓይኔ ስላየሁት አልተከራከርኩም። ሌላ ሞተር መምረጥ ግድ ሆነ።

አቶ ይርጋለም መጀመሪያ ያቀረበልኝ የቤንዚን ሞተር ነበር። ቀላልና ፈጣን ነው አለ። እኔ ፍጥነት አልፈልግም፤ ጭነት ይዞ በአንደኛ ማርሽ የአንኮበርን ዳገት የሚወጣ ነው የምፈልገው፣ ቤንዚንም በእኛ በኩል እንደልብ አይገኝም ብዬ መለስኩት። ቀጥሎ ቱርቦ ያለው ትልቅ የናፍጣ ሞተር አሳየኝ። ጉልበቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ለእርሱ ሲባል የሞተሩ መቀመጫ ተቆርጦ እንደ አዲስ መበየድ ነበረበት፣ ካምቢዮውም ይለወጣል፣ ክብደቱም ሌላ ነው። ፍሬኔ ደግሞ ያው የድሮው ነው። "ሽቅቡንስ ያውጣኝ፤ ቁልቁል ስወርድ ማን ይይዘኛል?" አልኩት። ሳቀና "እትዬ፣ ለምን ሞተር የሚያውቅ ወንድ ይዘው አይመጡም?" አለኝ። የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ አልኩ። ይህን ቃል ዛሬ ስደግመው ያንገበግበኛል።

ታኅሣሥ 10 ቀን ደውሎ ከራሴ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ከውጭ የገባ ያገለገለ ሞተር ማግኘቱን ነገረኝ። በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጋራዡ ደረስኩ። ሞተሩ በብረት አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር ቀለም አዲስ ተቀብቷል። ለምን ቀባኸው ብዬ ስጠይቀው "ሙሽራ አይኳልም እንዴ?" አለኝ። ቀድመው አሙቀውት እንደሆነ ለማወቅ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ በረዶ ነበር። በአንድ ቁልፍ ተነሣ። የዘይቱን ክዳን ከፍቼ እጄን ብጋርድበት ጭስ አይተፋም። ውኃው ላይ አረፋ የለም። ድምፁ በደንብ እንደተጠበቀ ሞተር ድምፅ ነው። የዲናሞው መያዣ ላይ ብቻ ወፍራም የብየዳ ጠባሳ አየሁና ጠየቅሁት። "ባሕር ማዶም ብረት ይሰበራል" አለ። የጉምሩክ ወረቀት ነው ብሎ የሰጠኝን ይዤ በስልኬ መብራት ሞተሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ ገጠመ። ውል ተፈራረምን። የወረቀቱና የውሉ ኮፒ ከዚህ ቃል ጋር ተያይዟል።

በዚያው ቀን በግቢው ጥግ የዋሻ ሜዳ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ በሸራ ተሸፍና ቆማ አይቻለሁ። አምቡላንሷ እንደ እኔዋ ያለ አሮጌ ፒክአፕ ላይ የተሠራች ነች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ፍሪሲዮኗ ሊቀየር መግባቷን ሰምቼ ስለነበር ያኔ ምንም ጥርጣሬ አላደረብኝም።

የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡15 ጎረቤላ ላይ ገብስ በማስጫን ላይ ሳለሁ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ የሚባሉ የዋሻ ሜዳ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደወሉልኝ። ባለቤታቸው አመተ ማርያም ምጥ ላይ እንደሆነች፣ ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንደጻፈላት ነገሩኝ። "አምቡላንሷ ጋራዥ ናት ተባልን። እኅቴ፣ ድረሺልን" አሉኝ። ገብሱን መንገድ ዳር አስወርጄ ቁልቁል ወደ ዋሻ ሜዳ ሄድኩ። ስደርስ አመተ ማርያም መቀመጥ ስለማትችል ጋቢና ልትገባ አልቻለችም። ከኋላ ፍራሽ አነጠፍን፣ ሸራ ወጠርን። አዋላጇ ሲስተር ሳሌም አብራት ወጣች። ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ሚስታቸውን ደግፈው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

ዳገቱን በሙሉ ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልደከመም። እኔም ሞተሩን እንደ በሬ "ጎሽ፣ ጎሽ" እያልኩ ነበር የነዳሁት። ጎረቤላን አልፈን ሜዳው ላይ እንደወጣን ነፋሱ ሸራውን ገነጠለው። 4፡30 ላይ ሲስተር ሳሌም የጋቢናውን ጣራ በጡጫ መታች፤ አቆምኩ። ሕፃኑ ተወልዷል፣ ግን አላለቀሰም። ሲስተር ሳሌም በአፏ ትንፋሽ ሰጠችው፣ ደረቱን ተጫነች፣ ደግማ ደጋግማ ሞከረች። ነጠላዬን አውልቄ ነፋስ ጋረድኩ። ኦክስጅኑም ሕፃን የሚያስተነፍሰው መሣሪያም አምቡላንሷ ላይ የተገጠመ ስለሆነ በእጇ ምንም አልነበራትም። ወንድ ነበር። እናቲቱ ብዙ ደም ፈሷት ሆስፒታል ደርሳ ዳነች። አምቡላንሷ ብትኖር ልጁ ይተርፍ ነበር ብዬ መመስከር አልችልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ሜዳ ላይ፣ በተቀደደ ሸራ ሥር፣ የገብስ ገለባ ባለበት የጭነት መኪና ላይ እንደማይወለድ ግን እመሰክራለሁ።

መጋቢት 10 ቀን አመተ ማርያም ከባለቤቷ ጋር ቤቴ ድረስ መጥታ አመሰገነችኝ። ስትወጣ በር ላይ የቆመችውን መኪናዬን በእጇ ዳበሰች፤ "አንቺ ባትኖሪ እኔም የለሁም ነበር" አለቻት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

መጋቢት 16 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጎረቤላ መናኸሪያ አጠገብ ኮፈን ከፍቼ ዘይት ስለካ የአምቡላንሷ ሹፌር ካሳሁን ሀብታሙ ሰላም ሊለኝ ቆመ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ሞተሩ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብሎ የዲናሞውን መያዣ በጣቱ ፈተገው።

"እቴ አልታየች፣ ይህን ማን በየደው?" አለኝ።

"ስገዛውም እንዲሁ ነበር።"

"እኔ ነኝ ያስበየድኩት። አሊዩ አምባ ላይ ተሰብሮብኝ፣ ከባሌስትራ ቁራጭ አስቆርጬ ያስበየድኩት እኔ ነኝ። ይህ ሞተር የአምቡላንሷ ነው።"

አላመንኩትም። ሄዶ የአምቡላንሷን ሊብሬ ኮፒ ይዞ መጣ። የሞተሩ ቁጥር ያለበትን ቦታ በቤንዚን አጥበን ቀለሙን ስናነሣ ብረቱ በሞረድ ተፍቆ፣ በላዩ ላይ አዲስ ቁጥር ተመትቶበት ተገኘ። ከሥሩ የድሮው ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች በከፊል ይታያሉ፤ ከሊብሬው ጋር ይገጥማሉ። ካሳሁን አምቡላንሷን ለፍሪሲዮን ብቻ እንዳስገባት፣ ቆይቶ ሲጠይቅ ግን "ሞተሯም ታሟል፣ ሊታደስ አዲስ አበባ ተልኳል" እየተባለ ሦስት ጊዜ እንደተመለሰ በዚያው ነገረኝ።

በማግሥቱ መጋቢት 17 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከካሳሁን ጋር ጋራዡ ሄድን። ካሳሁን ሸራውን ገፍፎ የአምቡላንሷን ኮፈን አነሣው። ባዶ ነው። ሽቦዎቹ በላስቲክ ታስረው ተንጠልጥለዋል። አቶ ይርጋለም ያንኑ የአዲስ አበባ ወሬ ጀመረ። እኔ መኪናዬን አስጠግቼ ኮፈኔን ስከፍት ግን ወሬውን ተወው። ከዚያ ካሳሁንን ውጭ አስቀርቶ እኔን ብቻ ቢሮው አስገባኝ፣ በሩንም ዘጋው።

"እትዬ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" አለኝ። "እጄ ላይ ሦስት ሞተር አለ፤ ደስ ያለዎትን ይምረጡ፣ በነጻ እገጥምልዎታለሁ። ያንን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ነገር አናብዛ። ማን ተጎዳ?"

ማን እንደተጎዳ ነገርኩት። ሜዳው ላይ የሆነውን፣ ሲስተር ሳሌም ሕፃኑን በአፏ ስታስተነፍስ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መሬት ሲቀመጡ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ "እሱማ የእግዜር ሥራ ነው" አለኝ። ይህን ሲል ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የጎማ መፍቻ አንሥቼ የቢሮውን መስኮት ሰብሬያለሁ። አልክድም፤ የሚያስጠይቀኝ ከሆነ እጠየቃለሁ። ሰው አልመታሁም። መምታት ግን ፈልጌ ነበር። መርማሪው ይህ ባይጻፍ ይሻላል ቢለኝም ይጻፍልኝ ብያለሁ፤ የእግዜርን ስም የሞረድ መሸፈኛ ሲያደርገው እያየሁ በእርጋታ ወጣሁ ብዬ አልዋሽም።

ከአቶ ይርጋለም ጋር ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን አላውቅም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ነገር ግን የአንድ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ለፍሪሲዮን ገብታ ወደ አራት ወር ስትቆም ከሹፌሩ በቀር የጠየቀ ኃላፊ ለምን እንዳልነበረ፣ ሞተሩ ይፈታ ብሎ የፈረመ ሰው ካለም ማን እንደሆነ እንዲጣራልኝ እጠይቃለሁ። የተቆጣሁትም በአንድ ሰው ላይ ብቻ አይደለም። ሞተሩን ስመርጥ ደህና አድርጌ መረጥኩ ብዬ ኮርቼ ነበር። ደህና የሆነው ካሳሁን በየጊዜው ዘይቱን እየቀየረ እንደ ዓይኑ ብሌን ስለጠበቀው ነው። አዲሱን ቀለም እያየሁ፣ ብየዳውን እያየሁ፣ ስለቸኮልኩ ተውኩት። በራሴም ላይ ተቆጥቻለሁ።

ትናንት መጋቢት 18 ቀን ከሰዓት በኋላ ዋሻ ሜዳ ሄጄ ለቄስ ገብረመንፈስቅዱስና ለአመተ ማርያም በራሴ አንደበት ነገርኳቸው። ከፖሊስ ወይም ከገበያ ወሬ እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ቄሱ "ሞተሩ ከወጣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ቀን ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ከገዛሁት እንኳ ስልሳ ሦስት ቀን ነው አልኳቸው። አመተ ማርያም ቀና ብላ አየችኝ። "ሞተሩማ አብሮን ነበር እኮ" አለች።

በመጨረሻ የምጠይቀው ይህን ነው። ሞተሩ ማስረጃ መሆኑን አውቃለሁ። ቁጥሩ በፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ባለሙያ መርምሮት ሲያበቃ፣ ኤግዚቢት ተብሎ በጣቢያው ግቢ ዝናብ እየመታው ዓመት እንዳይቀመጥ፤ ወደ አምቡላንሷ ይመለስ። ዋሻ ሜዳ ላይ በዚህ ሳምንትም የሚያምጡ አሉ። እኔ ሥራ እፈታለሁ፤ ከዚያ ሰው እጅ ግን ሌላ ሞተር አልመርጥም። መኪናዬን ጣቢያው በር ላይ አቁሜ ቁልፏን ለዋና ሳጅን ቃለ አብ አስረክቤያለሁ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን፣ ራሴ ያደረግሁትንም ጭምር፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ የተናገርኩት እውነት ነው። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ በአቶ ይርጋለም ፊት ቆሜ እደግመዋለሁ ብዬ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አልታየች ወርቅአገኘሁ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ቃለ አብ ዘርአ ዳዊት
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡05